የአኳሪየም ንጣፍ ምንድን ነው? ዓሣዎች እያሉበትስ እንዴት ይቀየራል?

የአኳሪየም ንጣፍ የሚባለው በመስታወቱ ገንዳ ግርጌ የሚነጠፈው ጠጠር፣ አሸዋ ወይም ለውሃ ውስጥ ተክሎች ተብሎ የተዘጋጀ አፈር ነው። አብዛኛው ሰው ንጣፍ ሲመርጥ የሚያየው ቀለሙንና ከዓሣዎቹ ጋር መስማማቱን ነው፤ ገንዳው ለወራት ከቆየ በኋላ ግን ንጣፉ ከጌጥነት አልፎ የውሃውን ንጽሕና ከሚጠብቁት ክፍሎች አንዱ ይሆናል። ስለዚህ ዓሣዎች የሚኖሩበትን ንጣፍ አውጥቶ በሌላ መተካት የሳሎን ምንጣፍ እንደ መቀየር ሊታይ አይገባም፤ በጥድፊያ ከተሠራ፣ ጤነኛ የነበሩ ዓሣዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ።

ምክንያቱ አሞኒያ ነው። ዓሣ ከተመገበው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። በሐይቅና በወንዝ ይህ መርዝ በብዙ ውሃ ይሳሳል፣ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ገንዳውን የሚታደጉት አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም መርዛማነቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለይቶ ካሳየ ወዲህ ሁለቱ ደረጃዎች በተለያዩ ባክቴሪያዎች ብቻ ይፈጸማሉ ተብሎ ሲታመን ቆይቷል፤ በ2015 ግን ኒትሮስፒራ ከተባለው ወገን አንዳንዶቹ ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን እንደሚፈጽሙ ታወቀ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር መኖሪያቸው ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው በውሃው ውስጥ አይንሳፈፉም፤ በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በድንጋዩ፣ በመስታወቱና በእያንዳንዱ የጠጠር ፍሬ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ተጣብቀው ይኖራሉ። ከፊሉን ውሃ መቀየር ብዙም የማይጎዳቸው ለዚህ ነው፤ ጠጠሩን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግን ከእነርሱ የተወሰነውን ክፍል ጠራርጎ መጣል ነው።

ይህ ክፍል ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው የፊልተሩ ዓይነት ነው፤ ንጣፍ ለመቀየር ያሰበ ሰውም ከሁሉ በፊት ይህን ማጣራት አለበት። ገንዳው በውጭ የሚቀመጥ ወይም በጠርዙ የሚንጠለጠል በቂ ፊልተር ካለው፣ ኦክስጅን የያዘ ውሃ ያለማቋረጥ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያው ነው፤ የንጣፉ መቀነስ ብዙ ላይሰማው ይችላል። ከጠጠሩ ሥር ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ተዘርግቶ ውሃው በጠጠሩ ውስጥ እንዲያልፍ በሚደረግበት አሠራር ግን ፊልተሩ ራሱ ጠጠሩ ነው። በእንዲህ ያለው ገንዳ ንጣፉን በአንድ ቀን መለወጥ ፊልተሩን አውጥቶ እንደ መጣል ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሌላ የስፖንጅ ፊልተር አስቀድሞ አስገብቶ ቢያንስ አንድ ወር ተኩል ከአሮጌው ጎን ማሠራት ግድ ነው።

የቆየ ንጣፍ ሌላም አደጋ አለው። በጠጠሩ መሃል ለዓመታት የተከማቸ ቆሻሻ ሲበሰብስ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ አሲድነት ይገፋዋል። በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አሞኒያ በአብዛኛው አሞኒየም በተባለው ብዙም በማይጎዳ መልክ ስለሚቆይ ዓሣዎቹ ደህና ይመስላሉ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ውሃው አሲዳማ ነው) 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ግን ወደ 5 በመቶ ገደማ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ሰው ጠጠሩን አናግቶ የታመቀውን ቆሻሻ ከለቀቀ በኋላ በዚያው ቀን ገንዳውን ፒኤቹ ከፍ ባለ የቧንቧ ውሃ ቢሞላው፣ የነበረው አሞኒያ ሳይጨምር መርዛማነቱ ብቻ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በእንዲህ ያለ ገንዳ ሥራው መጀመር ያለበት ከንጣፉ ሳይሆን ከውሃው ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ውሃ እየቀየሩ የገንዳውን ውሃ ከቧንቧው ጋር ማቀራረብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ አንጻር ንጣፍ መቀየር የሚገባው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው ብዬ አምናለሁ። ኮሪዶራስ የሚባሉት ትናንሽ አምባዛ መሰል ዓሣዎች ምግባቸውን መሬቱን በጢማቸው እየዳሰሱ ስለሚፈልጉ፣ ጢማቸው ስለታም ጠጠር ላይ እየተፋተገ ሲያልቅ ማየት በቂ ምክንያት ነው፤ ለእነርሱ ደቃቅና ለስላሳ አሸዋ ያስፈልጋል። የኖራ ጠባይ ያለው ጠጠር የውሃውን ጥንካሬ፣ ማለትም በውስጡ የሟሟውን እንደ ካልሲየም ያለ ማዕድን መጠን፣ ስለሚጨምር ከማላዊ ሐይቅ ለመጡ ዓሣዎች ሲስማማ፣ እንደ ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ላሉ የአማዞን ዓሣዎች ግን አይሆንም። ቆሻሻ መሆኑ ብቻ ግን ምክንያት አይደለም፤ ቆሻሻ በየሳምንቱ ውሃ ሲቀየር በጎማ እየተሳበ የሚወጣ ነገር ነው።

አዲሱ ንጣፍ ኖራ ያለበት መሆኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ጥቂት የደረቀ ጠጠር በብርጭቆ አድርጎ አቼቶ ማፍሰስና ጠጋ ብሎ መመልከት ነው፤ ከፍሬዎቹ ላይ ትናንሽ አረፋዎች እየተከታተሉ ከወጡ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት፣ ፒኤችንም ከፍ ያደርጋል። በግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ የዕብነ በረድ ፍርፋሪ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። በአገራችን በቀላሉ የሚገኘው ቀይ አሽ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ድንጋይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጠባይ የለውም፤ ነገር ግን ጠርዙ ስለታም በመሆኑ ለንጣፍ አልመርጠውም። በቀዳዳ የተሞላ አካሉ ለባክቴሪያ ሰፊ መኖሪያ ስለሚሆን በደንብ ታጥቦ ፊልተር ውስጥ ቢገባ ይሻላል። ለተክል የሚሸጠው የተጋገረ አፈር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ አሞኒያ የሚለቅ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ መጨመር የለበትም።

መጠኑን ማስላት አያስቸግርም። የገንዳውን ርዝመት፣ ስፋትና የሚፈለገውን የንጣፍ ውፍረት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ሊትሩን ይሰጣል፤ አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ ደግሞ ወደ 1.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 60 በ30 ለሆነ ገንዳ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢፈለግ 9 ሊትር፣ ማለትም ከ14 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ አሸዋ ይበቃል። አሸዋው በባልዲ ውስጥ እየተማሰለ፣ የሚደፋው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ያለ ሳሙና መታጠብ አለበት፤ ይህ አሰልቺ ሥራ በችኮላ ከታለፈ ገንዳው ለቀናት እንደ ደፈረሰ ይቆያል።

ሥራውን በሁለት መንገድ መሥራት ይቻላል። የምመርጠው በክፍል በክፍል የሚሠራውን ነው፦ ከአሮጌው ንጣፍ አንድ ሦስተኛውን በወፍራም ጎማ ከውሃው ጋር ስቦ ማውጣት፣ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ፣ አሞኒያና ናይትራይት አለመኖሩን በመመርመሪያ ካረጋገጡ በኋላ ወደ ቀጣዩ ሦስተኛ ማለፍ። ዓሣዎቹ ከገንዳው አይወጡም፣ በፊልተሩ ያሉት ባክቴሪያዎችም የጎደለውን ለመሙላት ጊዜ ያገኛሉ። ጠጠርን በአሸዋ የሚተካ ሰው ግን አሸዋውን በየደረጃው መጨመር የለበትም፤ አሸዋ በጠጠሩ መሃል ሾልኮ ከሥር ስለሚገባ በኋላ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በዚህ ጊዜ የተጠረገው ክፍል ባዶ መስታወት ሆኖ ይቆይና አሸዋው የሚገባው ጠጠሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አሸዋውን በኩባያ ሞልቶ ኩባያውን እስከ ግርጌው አጥልቆ በቀስታ መገልበጥ ብናኙ ውሃውን እንዳያደፈርሰው ይረዳል።

ንጣፉ በጣም ጠቁሮ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ግን በአንድ ቀን ማውጣቱ ይሻላል። ሽታው ኦክስጅን በሌለበት ጥልቅ ንጣፍ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ለዓሣ እጅግ መርዛማ ስለሆነ ዓሣዎቹ እያሉ መናጥ የለበትም። ንጣፉ ከመነካቱ በፊት ከገንዳው የላይኛው ክፍል ንጹሕ ውሃ ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ሰፊ ሳፋ ይቀዳና ዓሣዎቹ ወደዚያ ይዛወራሉ፤ ማሞቂያውና ፊልተሩም እዚያው ይሠራሉ፤ ሳፋው ዓሣ እንዳይዘልበት ይከደናል። ፊልተሩ ለሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ስለሚያልቅ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፤ በዚያው ቀን ስፖንጁን ማጠብም ንጣፉን ማውጣት ያስከተለውን ጉዳት እጥፍ ያደርገዋል። ማሞቂያው ከገንዳው ከመውጣቱ በፊት ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ መቀዝቀዝ አለበት፣ እንደ ጋለ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና። ገንዳውንም አሸዋና ውሃ እያለበት ማንሳት ፈጽሞ አይገባም፤ መገጣጠሚያው ይለቃል።

የሚሞላው አዲስ ውሃ ክሎሪኑ የተወገደለትና ሙቀቱ ከቀድሞው ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት። ከአሮጌው ጠጠር ያልሸተተ ጥቂት ካለ፣ በስስ የናይለን ካልሲ ተቋጥሮ ለሦስትና ለአራት ሳምንታት በአዲሱ ንጣፍ ላይ ቢቀመጥ ባክቴሪያዎቹ ወደ አዲሱ ይዛመታሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ነው። ለሁለት ሳምንታት ያህል የምግቡን መጠን በግማሽ መቀነስና ውሃውን በየቀኑ መመርመር ያስፈልጋል። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከዜሮ ከፍ ካለ፣ ወይም ዓሣዎቹ ከውሃው ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው ከታዩ፣ ከውሃው ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ወዲያው መቀየር ይገባል። ናይትራይት ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ግን በስንጥቡ በኩል የሚገባውን ናይትራይት ስለሚገታ፣ ንጥረ ነገር ያልተጨመረበት ጥቂት ጨው በዚህ ጊዜ ይጠቅማል፤ ኮሪዶራስን የመሳሰሉ ዓሣዎች ጨው ብዙም ስለማይወዱ ለእነርሱ ከጨው ይልቅ ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይመረጣል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ውሃው እንደ ወተት ቢነጣ አብዛኛውን ጊዜ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ሌሎች ባክቴሪያዎች መብዛታቸው ስለሆነ በራሱ ጊዜ ይጠራል፤ በዚህ ምክንያት ገንዳውን ዳግመኛ አፍርሶ ማጠብ አያስፈልግም።