መጤ እና ወራሪ አውሬ፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ጅማ አካባቢ ለዝባዱ ሲባል በጠባብ የእንጨት ቤት የሚያዘው ጥርኝ መጤ አይደለም፤ ከአካባቢው ጫካ በወጥመድ የተያዘ የአገሩ አውሬ ነው። መጤ የሚባለው ሰው ከተፈጥሮ መኖሪያው አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ የወሰደው ነው፤ ትንሹ የእስያ ጥርኝ ማዳጋስካር የደረሰው እንዲህ ነው።

መጤ ሁሉ ግን ወራሪ አይባልም። ከሰሜን አፍሪካ ስፔን የገባው ሸለምጥማጥ ከዘመናት በኋላ እንደ አገሬው አውሬ ይታያል። ወራሪ ለመባል ተራብቶ ጉዳት ማድረስ ያስፈልጋል።

ትንሽ ሥጋ በል አውሬ የሆነውን ሞንጉስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1872 ከህንድ 9 ሞንጉሶች ጃማይካ ገቡ፤ ሥራቸው የሸንኮራ አገዳ የሚያበላሸውን አይጥ መፍጀት ነበር። አይጡን በሉ፤ ዶሮውን፣ የወፉን እንቁላል፣ እንሽላሊቱንም አልማሩም። በ1883 ደግሞ ዘራቸው ወደ ሃዋይ ተጫነ። የሚገርመው፣ ሞንጉስ የሚያድነው ቀን ነው፤ አይጡ በአብዛኛው የሚወጣው ሌሊት!