ሰብሲዲያሪቲ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ እያነበብኩ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በካቶሊክ ማኅበራዊ አስተምህሮ መሠረት መንግሥት ከድሃው ጉዳይ እጁን ማውጣት አለበት። ይህም ሰብሲዲያሪቲ ይባላል።» ልጁ ጎበዝ ነው። ከየት አመጣኸው ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ተንታኝ ሲናገር ሰምቶ ነው። ተንታኙን እኔም ሰምቼዋለሁ፤ አንዴ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር።

ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው። ሱብሲዲዩም በሮማውያን ጦር ከኋላ የሚቆም ተጠባባቂ ነበር፤ እኛ ደጀን የምንለው ማለት ነው። ደጀን ሥራው ምንድን ነው? ፊት ያለው ሲዝል መድረስ። ተንታኙ ቃሉን «ዞር በል» አድርጎ ተረጎመው። ቃሉ ግን «ድረስ» ነው የሚለው።

መርሁ በግልጽ የተጻፈው በ1931 ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ «ኳድራጀሲሞ አኖ» በተባለው መልእክታቸው ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ ሰው በራሱ ጥረት የሚችለውን ነጥቆ ለማኅበረሰቡ መስጠት ስህተት ነው፤ ትንሹ ማኅበር የሚችለውንም ትልቁ ሊነጥቀው አይገባም። ሁለተኛው፣ ማኅበራዊ ሥራ ሁሉ በባሕርዩ አባላቱን መርዳት አለበት እንጂ ሊያጠፋቸውና ሊውጣቸው አይገባም። ጊዜው ሙሶሊኒ ኢጣሊያን የሚገዛበት ነው። «መዋጥ» የሚለውን ቃል ይህን ይዞ ማንበብ ያስፈልጋል። ተንታኙ የመጀመሪያውን ግማሽ ያነባል። «መርዳት» ጋ ሳይደርስ ይዘጋዋል።

እኔ ክፍል ውስጥ በደቦ ነው የማስረዳው። ደንቢያ ውስጥ አንድ ገበሬ ጤፉ ደርሶበታል፣ ሰማዩም እየጠቆረ ነው። ብቻውን አይችልም። ደቦ ይጠራል። ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ ያጭዳል፣ የቀረበለትን በልቶ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማሳው የማን ነው? የገበሬው። እህሉስ? የእሱው። ደቦው ስለረዳ ብቻ «ከእንግዲህ የምትዘራውን እኔ ነኝ የምወስንልህ» አይልም። ይህ የመርሁ አንዱ ጎን ነው።

አሁን ማሳው ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ቢሆንስ? ልጆቿ ገና ናቸው። ጎረቤቱ «የራሷ መሬት ነው፣ ራሷን ትቻል» ይላል? አይልም። እንዲያውም ሳትጠራው ይሄዳል። ካልሄደ መንደሩ ይታዘበዋል። ይህም ሰብሲዲያሪቲ ነው። በአቅሟ መሥራት የምትችለውን አይነጥቋትም፤ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ጥለውባት አይሄዱም።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ደቦ የእኩዮች ነው፤ መንግሥት ግን ከላይ ነው፣ ግብርም ፖሊስም አለው። ሲመሽ ማጭዱን ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም። ደግሞ ከበድ ያለ ጥያቄ አለ፦ ገበሬው አቅቶታል ብሎ የሚወስነው ማነው? መርሁ ይህን ብቻውን አይመልስም። ኦስትሪያ ውስጥ በ1934 የቻንስለር ዶልፉስ መንግሥት ፓርቲዎችን አግዶ፣ ያንኑ የ1931 መልእክት እየጠቀሰ ሕገ መንግሥት አወጣ። መልእክቱን የሚያደንቅ ሁሉ ይህንንም ማወቅ አለበት።

ለድሃው ምን ይላል ለሚለው ደግሞ 40 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። የዚያን ጊዜው የሮማ ጳጳስ ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ሲጽፉ፣ ሀብታም ራሱን የሚከላከልበት ብዙ መንገድ አለው፣ ድሃው ግን የሚደገፍበት ስለሌለው ከሁሉ በላይ የመንግሥት ጥበቃ ያስፈልገዋል ይላሉ። ይህን ያነበበ ሰው «እጁን ያውጣ» የሚለውን ከየት ያመጣዋል?

ከእኛው አካባቢ ልጥቀስ። ወጣቶች ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ይወርዳሉ። አንዳንዱ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ ካላዛር የሚባል በሽታ ይዞት ይመለሳል። ቤተሰብ ያስታምማል። እድሩ ወይም ጎረቤቱ የመሳፈሪያ ያዋጣል። እድር ግን ላቦራቶሪ አይከፍትም፣ መድኃኒት ከውጭ አያስገባም። እዚህ ላይ ትልቁ አካል ካልደረሰ መርሁን ጣሰ እንጂ አላከበረም።

ሌላው ስህተት ሰብሲዲያሪቲን ከፌዴራሊዝም ጋር አንድ ማድረግ ነው። ፌዴራሊዝም ሥልጣንን በመንግሥት እርከኖች መካከል ያከፋፍላል። ሰብሲዲያሪቲ ከዚያ በታች ይጀምራል፦ ከሰው፣ ከቤተሰብ፣ ከእድር፣ ከሠራተኛ ማኅበር። ግራ መጋባቱ ምክንያት አለው። በ1992 የተፈረመው የማስትሪክት ውል ቃሉን ወስዶ በአውሮፓ ኅብረትና በአባል አገሮች መካከል ብቻ ተጠቀመበት። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። ይመሳሰላሉ። መመሳሰል ግን ዝምድና አይደለም፤ አንቀጹ ከሮም መጣ ብሎ ለመጻፍ ማስረጃ ያስፈልጋል።

በጎንደር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ካቶሊክ» ሲባል ፊታቸው የሚለወጥ አሉ። ይገባኛል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀድሞውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ያስወጡትም፣ ከተማችንን የቆረቆሩትም ፋሲለደስ ናቸው። አንድ ተማሪ ሱስንዮስን በሰብሲዲያሪቲ መዝኖ «ጥሰዋል» ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል። የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ንጉሥ በ1931 ሚዛን መመዘን አይሆንም፤ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

ግን ማንበብና መስበክ ይለያያሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። እኔም አጥብቄ የምይዘው ነው። ማርክስን ስናነብ ማንም የፓርቲ አባል ሁን አይባልም። ፍትሐ ነገሥትን የምናነበው የሕግ አስተሳሰብ ስላለበት ነው። ይህንንም እንደዚያው። ፈተና ላይ የምጠይቀው «ምን ይላል? ክርክሩ ያስኬዳል?» ብዬ ነው። ምን ታምናለህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ከተማሪዬ ጋር ትናንት መልእክቱን ከፍተን አብረን አነበብን። «መርዳት» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ተመልሶ ሁለቴ አነበበው። ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ ምዕራፉን እንደገና እየጻፈ ነው፤ የካላዛሩንም ምሳሌ ልውሰደው ብሎኝ ፈቅጄለታለሁ።