ጴጥሮስ የተኛባት ሰዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የጴጥሮስ ክህደት ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የሊቀ ካህናቱ ግቢ ነው። እሳቱ፣ ገረዲቱ፣ የዶሮው ጩኸት። ዛሬ ግን ጥቂት ሰዓታት ወደ ኋላ እንመለስ፤ ወደ ጌቴሴማኒ።

ማታ ነው። እራት ተበልቷል፣ እግራቸው ታጥቧል። ጴጥሮስ ከአንተ ጋር መሞት ቢያስፈልገኝ እንኳ አልክድህም ብሏል። እየዋሸ አልነበረም፤ ከልቡ ነው ያለው። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ፈቀቅ አለና ከእኔ ጋር ትጉ አላቸው። ተመልሶ ሲመጣ ተኝተዋል። «አንዲት ሰዓት እንኳ ልትተጉ አልቻላችሁምን?» አለ።

ቅዱስ ሉቃስ የተኙት ከኀዘን የተነሣ እንደሆነ ይነግረናል። ይህ ቃል ሁሌም ልቤን ይነካዋል። ንቀት አይደለም፤ ኀዘን አድክሟቸው ነው። ከእኛም ብዙዎቻችን ጸሎት የተውነው እግዚአብሔርን ጠልተን አይደለም። ኑሮው፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ነገር አዝሎን ነው። ጌታም ይህን ያውቃል። «መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» ያለው ለዚህ ነው። ቢሆንም ስለደከማችሁ ተኙ አላላቸውም፤ «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ትጉና ጸልዩ» አላቸው።

«እንዳትገቡ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በአባታችን ሆይም «ወደ ፈተና አታግባን» እንላለን። ፈተና አይምጣብን ማለት አይደለም፤ መምጣቱማ ይመጣል። በሩን ከፍቶ ሲጠራን እግራችን ደጃፉን እንዳያልፍ ነው ልመናው።

ከዚያ ይሁዳ ችቦና ጦር የያዙትን አስከትሎ ደረሰ። ላበቱ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪወርድ የጸለየው ጌታ ወጥቶ «ማንን ትፈልጋላችሁ?» አላቸው። ተኝቶ የነበረው ጴጥሮስ ሰይፍ መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ የማልኮስን ጆሮ ቆረጠ። ሌሊቱ ሳያልፍ ደግሞ በአንዲት ገረድ ፊት «አላውቀውም» አለ።

በቅርቡ በእኔም ደረሰ። የንጋት 11 ሰዓት ደወል ስልኬ ላይ ጮኸ። «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብዬ አጠፋሁት። ስነቃ 1 ሰዓት አልፏል። አማትቤ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ሮጬ ወጣሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ልጅ ከፊቴ ሲገባ ከአፌ የወጣውን ስድብ እዚህ መድገም አልፈልግም። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ቀኑን ሙሉ ያ ዓይኑ ከፊቴ አልጠፋም። የተሸነፍኩት ግን ሰልፉ ላይ ሳይሆን ከብርድ ልብሱ ስር እንደነበር ማታ ነው የገባኝ።

አባቶቻችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ የሠሩልን በምክንያት ነው፤ ለመኝታ ሰዓት ሳይቀር ንዋም የሚባል ጸሎት አለ። ሰባቱን ካልቻላችሁ ከአንዱ ጀምሩ። ስልክ ሳትነኩ፣ ተነሥታችሁ ቆማችሁ፣ አባታችን ሆይን ቀስ ብላችሁ ድገሙ። ከዚያ የዕለቱን ፈተና በስሙ ጥሩት፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ከዚያ ሰው ጋር እገናኛለሁ፤ ንዴቴን ያዝልኝ»፣ «ዛሬ የሰው ገንዘብ በእጄ ያልፋል፤ ጠብቀኝ»። የሚደጋገም ውድቀት ካለ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ብቻችሁን አትታገሉት።

ጌታችን ሦስተኛ ጊዜም ሲመጣ ተኝተው ነው ያገኛቸው። ትቷቸው አልሄደም። «ተነሡ፥ እንሂድ» አላቸው።