የተጠባባቂ ተከላካይ ዋጋው ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ኳስ ማሳያ ቤቶች በአንዱ ቅዳሜ ማታ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ዓመቱን ሙሉ ቤንች ለሚያሞቅ ሰው ይሄ ሁሉ ደመወዝ ለምን ይከፈላል?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የአጥቂ አድናቂ ነው።

ተጠባባቂ ተከላካይ የሚባለው በቋሚ አሰላለፍ የማይጀምር፣ ነገር ግን የመሃል ወይም የመስመር ተከላካይ ሲጎዳ ወይም በካርድ ሲቀጣ ቦታውን የሚሸፍን ተጫዋች ነው። ተጠባባቂ አጥቂ ጎል ሲፈለግ በ70ኛው ደቂቃ ይገባል። የመሃል ተከላካይን ግን አሰልጣኝ ካልቸገረው አይነካውም፤ አምስት ቅያሪ ከተፈቀደ ወዲህም ቢሆን። ስለዚህ የተጫወተበትን ደቂቃ ብቻ ቆጥሮ «ከሰረ» ማለት አይቻልም።

የጣና ታንኳ ቀዛፊዎች ነገሩ ይገባቸዋል። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ሌላ ታንኳ የሌለው ሰው ያን ቀን ከዳር ቆሞ ይውላል።

ታዲያ ውሉ እንዴት ይመዘን? ከደመወዙ በፊት ርዝመቱን እዩ እላለሁ። እዚህ ደጋፊው የበዛለትን የማንችስተር ዩናይትድን ሁለት ሰዎች ልውሰድ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊል ጆንስ በ2019 መጀመሪያ ላይ እስከ 2023 የሚያቆየውን ውል ፈረመ። ከዚያ ጉዳት አላስቆም አላስቀምጥ አለው፤ ጃንዋሪ 2020 ከትራንሜር ጋር ከተጫወተ በኋላ ወደ ሜዳ የተመለሰው ጃንዋሪ 2022 ከዎልቭስ ጋር ነው፤ ከ708 ቀን በኋላ። ዩናይትድ ያን ዕለት 1 ለ 0 ቢሸነፍም ጆንስ ተመስግኖ ወጣ። ችሎታው አልጠፋም ነበር። ጆኒ ኢቫንስ ደግሞ በ2023፣ በ35 ዓመቱ፣ ያለ ዝውውር ሂሳብ የአንድ ዓመት ውል ፈረመ። ተከላካዮቹ ተራ በተራ ሲጎዱ በሊጉ 23 ጨዋታ ተሰለፈ፤ ውሉም በአንድ ዓመት ተራዘመ። እሱ ባይሳካለት ኖሮ የክለቡ ኪሳራ የአንድ ዓመት ደመወዝ ብቻ ነበር። ረጅም ውል ላይ ግን ጉዳት ሲጨመርበት ክለቡ እስከ መጨረሻው ቀን ከፋይ ነው።

ብቃቱን መመዘን ይከብዳል። ተጫዋቹ በጥቂት ደቂቃ ያስመዘገበውን ቁጥር ሙሉ 90 ደቂቃ ቢጫወት ስንት ይሆን ነበር ብሎ ማስላት የተለመደ ነው፤ ግን 3 ለ 0 እየመሩ በ85ኛው ደቂቃ የገባ ሰው አንድም ኳስ ሳይነጠቅ ቢወጣ ምን ያሳያል? እኔ የማየው በረኛውን ነው። ተጠባባቂው እንደገባ በረኛው በእግሩ ኳስ ያቀብለዋል ወይስ አልፎት ወደ ፊት ይጠልዛል? አጣማሪውስ መስመሩን እንደያዘ ይቆያል ወይስ ፈርቶ ወደ ኋላ ይሸሻል? ልምምድ ላይ በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ለእኛው ለጣና ሞገዶቹም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ባሕር ዳር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲገባ፣ የታንዛኒያውን አዛምን ጥሎ ከቱኒዚያው ክለብ አፍሪኬን ጋር ተገናኝቷል። አህጉራዊ ጨዋታና ጉዞ ሊጉ ላይ ሲደረብ አራተኛው ተከላካይ ቁጥር ማሟያ መሆኑ ያበቃል።

ተጫዋቹም የራሱ ሚዛን አለው። በፊፋ የዝውውር ደንብ መሠረት፣ በሙያው የበሰለ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ክለቡ ካደረጋቸው ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ ባነሱት ብቻ ከተሰለፈ ውሉን በስፖርታዊ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። 30 ይፋዊ ጨዋታ ላደረገ ክለብ ይህ ማለት ከሦስት በታች ነው። መብቱን የሚጠቀመው ክለቡ የዘመኑን የመጨረሻ ይፋዊ ጨዋታ ካደረገ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ካሣ ሊጠየቅ ቢችልም ከጨዋታ አይታገድም። ቤንች ላይ ያለው ሰውዬ ደቂቃውን ከእኛ በላይ የሚቆጥረው ለዚህ ነው።