«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም»፦ ትርጉሙና አመጣጡ፣ በአልባኒያ ፈረሰኞች ታሪክ

ይህ አባባል የሚነገረው ሰው በመሣሪያው፣ በዘመዱ ወይም በዲግሪው ተመክቶ የራሱን ድርሻ ሲዘነጋ ነው። ፈረሱ ጌታውን ሜዳው ድረስ ይወስደዋል፤ ጦር መወርወር፣ በጋሻ መመከት፣ ቦታን አለመልቀቅ ግን የፈረሰኛው ነው። አባባሉ የመጣው ፈረስ እጅግ ከሚከበርበት ዓለም ነው፤ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። ስለዚህ ፈረስን ለማንኳሰስ አልተባለም። መጽሐፈ ምሳሌም (21፥31) ፈረስ ለጦርነት ቀን ቢዘጋጅም ድል ከእግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። የእኛው አባባል ግን ተጠያቂ የሚያደርገው ፈረሰኛውን ነው።

የአባባሉን ሁለት ግማሾች በአንድ ሰው ዕድሜ ማየት ለሚሻ የመርኩርዮ ቡዓ ታሪክ አለለት። ቡዓ በደቡብ ግሪክ፣ በፔሎፖኔዝ፣ ከሰፈረ የአልባኒያ የጦር ቤተሰብ የተወለደ የፈረሰኛ አዛዥ ሲሆን ለቬኒስ ሪፐብሊክ፣ ለፈረንሳይ፣ ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን፣ ከዚያም ዳግመኛ ለቬኒስ ተዋግቷል። እንደ እሱ ያሉት ቅጥር ቀላል ፈረሰኞች «ስትራዲዮት» ይባሉ ነበር። ፈረሳቸው ፈጣንና ችግር የለመደ ነው፤ እነሱም ዓመቱን ሙሉ ከፈረሳቸው ጋር ደጅ ያድሩ ነበር። ብረት ልብስ ስለማያበዙ ይቀላቸዋል። ዋናው መሣሪያቸው ከሦስት ሜትር የሚበልጥ፣ በሁለቱም ጫፍ ብረት የተሰካበት ጦር ነው፤ በፊቱም በኋላውም ጫፍ ይወጋል፣ መሐሉ ቢሰበር እንኳ ስለት ያለው ቁራጭ እጅ ላይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1495 በጣሊያን፣ በፎርኖቮ፣ ታሮ ወንዝ ዳር፣ ቬኒስና አጋሮቿ ወደ አገሩ የሚመለሰውን የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 8ኛን መንገድ ዘጉበት። ቡዓ ገና ጎረምሳ ሳለ በዚህ ጦርነት ተሰልፏል። ስትራዲዮቶቹ ከጎን ዞረው የፈረንሳዮቹን ሰልፍ እንዲበጠብጡ ታዘዙ። ፈረሱ በደንብ አደረሳቸው። ችግሩ የመጣው ከደረሱ በኋላ ነው፤ የንጉሡ ጓዝ ጠባቂ አጥቶ ሲዘረፍ ሲያዩ ብዙዎቹ ጦርነቱን ትተው ወደዚያው ዞሩ። የንጉሡ ራስ ቁርና ሰይፍ ሳይቀር ተዘረፈ፤ ንጉሡ ግን አምልጦ አገሩ ገባ። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ቬኒስ ለአንድ የጠላት ራስ አንድ ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) ትከፍል ነበር፤ ሰልፍ ጠብቆ ለቆመ የተለየ ክፍያ አልነበረውም። ወታደር የሚከፈልበትን ሥራ ይሠራል።

ሌላው ግማሽ በጣሊያን፣ ሚላኖ አጠገብ ባለችው ማሪኛኖ ላይ ይገኛል፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 13 እና 14 ቀን 1515። ቡዓ በዚህ ጊዜ ስመ ጥር አዛዥ ሆኖ በቬኒስ ጦር ውስጥ ነው፤ ቬኒስም አሁን የፈረንሳይ አጋር ናት። ፈረንሳዮች ስዊሶችን እስከ እኩለ ሌሊት ተዋግተው ጎሕ ሲቀድ እንደገና ተያያዙ። የቬኒሱ አዛዥ ባርቶሎሜዮ ዳልቪያኖ ፈረሰኞቹን ይዞ ከሎዲ ከተማ በኩል ገስግሶ በሁለተኛው ቀን ደረሰ፤ «ቅዱስ ማርቆስ!» እያሉ በቀጥታ ውጊያው ውስጥ ገቡ። ስዊሶቹም ወደ ሚላኖ አፈገፈጉ።

አባባሉ በዛሬ ንግግርም የሚስማማው ዕድሉ ተሰጥቶት እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ መኪና ተገዝቶለት ሥራ ለማይፈልግ፣ ቀጠሮ ተይዞለት ሳይዘጋጅ ለሚሄድ። አንዳንዶች ውለታን ለማሳነስ፣ «ብትረዳኝም የሠራሁት እኔ ነኝ» ለማለት ይጠቀሙበታል። ይህ አባባሉን ማጣመም ነው፤ «ያደርሳል» የሚለው ቃል ውለታውን አስቀድሞ መስክሯል።