ኩዊን ሜሪ፦ ከጥያቄና መልሱ ጀርባ ያለችው መርከብ

ኩዊን ሜሪ ከ1936 እስከ 1967 ድረስ አትላንቲክ ውቅያኖስን እያቋረጠች በእንግሊዙ የሳውዝሃምፕተን ወደብና በኒው ዮርክ መካከል መንገደኞችን ስታመላልስ የኖረች፣ ዛሬ ደግሞ በካሊፎርኒያ በምትገኘው የሎንግ ቢች ከተማ ወደብ ላይ ለዘለቄታው ቆማ ሆቴልና ሙዚየም የሆነች የብሪታንያ መርከብ ናት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ስለ ታሪካዊ መርከቦች በሚዘጋጁ የዕለት ጥያቄና መልስ ውድድሮች ላይ ስሟ ደጋግሞ ይነሳል። ርዝመቷ ስንት ነው? ጭስ ማውጫዎቿ ስንት ናቸው? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ምን ተብላ ትጠራ ነበር? መልሶቹ አጫጭር ናቸው፤ 310 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት፣ «ግራጫዋ መንፈስ»። ሆኖም እያንዳንዱ መልስ የራሱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ቁጥሩን ቢሸመድድም ስለ መርከቧ ያወቀው ጥቂት ነው።

ከግዝፈቷ እንጀምር። ባለቤቷ የኪውናርድ ኩባንያ ከዚያ በፊት በየሳምንቱ ከእንግሊዝና ከኒው ዮርክ አንድ አንድ መርከብ ለማስነሳት ሦስት መርከቦችን ያሰማራ ነበር። ይህንኑ አገልግሎት በሁለት መርከቦች ብቻ ለመስጠት ሲያቅድ፣ እያንዳንዷ መርከብ ውቅያኖሱን አቋርጣ፣ መንገደኛና ዕቃ አራግፋ፣ ነዳጅና ስንቅ ሞልታ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ መነሻዋ መመለስ ነበረባት። ለዚህ 28.5 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ወደ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለማቋረጥ መጓዝ ያስፈልጋል። ያን ፍጥነት ለማግኘት 24 ዋና ቦይለሮች፣ 160,000 የፈረስ ጉልበት የሚያመነጩ የእንፋሎት ተርባይኖችና አራት ፕሮፔለሮች ተገጠሙላት፤ ይህን ሁሉ ማሽን ተሸክሞ፣ ነዳጁን ይዞ፣ ከ2,000 በላይ መንገደኞችንና ከ1,000 በላይ ሠራተኞችን ደግሞ የሚያሳፍር አካል ትንሽ ሊሆን አይችልም። የርዝመቷ መነሻ እንግዲህ የጉዞ ሰሌዳው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተወዳዳሪዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነጥብ ማንሳት ይገባል። የመርከቧ መጠን 80,774 ቶን ተብሎ ሲጻፍ አብዛኛው ሰው ክብደቷ ይመስለዋል። በዚህ አነጋገር «ቶን» የሚባለው ግን የውስጥ ስፋት መለኪያ ሲሆን፣ አንዱ ቶን 100 ኪዩቢክ ጫማ ወይም 2.83 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ነው። በዚሁ መለኪያ ታይታኒክ ከ46,000 ቶን ጥቂት ከፍ የምትል ነበረች። ስለዚህ ኩዊን ሜሪ ከታይታኒክ በርዝመት የምትበልጠው በ42 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በውስጥ ስፋት ግን አንድ ተኩል ጊዜ ከፍ ብላ ትበልጣታለች።

ግንባታው በ1930 መጨረሻ በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር ባለችው በክላይድባንክ ከተማ፣ በጆን ብራውን የመርከብ መሥሪያ ተጀመረ። ስም እስኪወጣላት ድረስ መታወቂያዋ «ቁጥር 534» ነበር። ዓመት እንደተሠራች የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ተባባሰ፤ ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው በታኅሣሥ 1931 ሥራው ቆመ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ተበተኑ። ያልተጠናቀቀችው መርከብ ከሁለት ዓመት በላይ ከከተማዋ ጣሪያዎች በላይ እንደተገተረች ቆየች። ኑሮዋ በመርከብ ሥራ ላይ ለተመሠረተ ከተማ ያ የብረት አካል በየማለዳው የሚታይ የሥራ አጥነት ምልክት እንደነበር መገመት አያዳግትም። በመጨረሻ መንግሥት 9.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለማበደር ተስማማ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ኪውናርድ ከተቀናቃኙ ከዋይት ስታር፣ ማለትም ከታይታኒክ ባለቤት፣ ጋር እንዲዋሐድ ነበር። ኩባንያዎቹ ተዋሐዱ፤ ሥራውም በሚያዝያ 1934 እንደገና ቀጠለ። ብድሩ ይህችን መርከብ ለመጨረስ ብቻ ሳይሆን ጥንዷን፣ በኋላ ኩዊን ኤልዛቤት የተባለችውን፣ ለማሠራትም የታሰበ ነበር።

ስለ ስሟ አወጣጥ የሚተረክ አንድ ወግ አለ። የኩባንያው ሰዎች «ቪክቶሪያ» ሊሏት አስበው ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን «በእንግሊዝ ታላቂቱ ንግሥት ስም እንድንጠራት ይፍቀዱልን» ቢሏቸው፣ ንጉሡ «ባለቤቴ ደስ ይላታል» ብለው መለሱ ይባላል፤ ባለቤታቸው ንግሥት ሜሪ ናቸውና። ወጉ ጣፋጭ ስለሆነ እስከ ዛሬ በጥያቄና መልስ መድረኮች ይዘዋወራል፤ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ግን መወሰድ የለበትም። የተረጋገጠው ሌላ ነው፦ በዚያው በክላይድ ወንዝ ላይ በዚሁ ስም የምትጠራ አነስተኛ የመንገደኞች መርከብ ስለነበረች፣ ስሙ ለአዲሲቱ እንዲለቀቅ ከባለቤቶቿ ጋር ስምምነት ተደርጎ ትንሿ መርከብ «ኩዊን ሜሪ ሁለተኛ» ተብላለች። ንግሥቲቱ ራሳቸው ተገኝተው መስከረም 26 ቀን 1934 መርከቧን ሰይመው ወደ ውኃ አስወረዷት።

የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው ግንቦት 27 ቀን 1936 ከሳውዝሃምፕተን ሲሆን፣ በፈረንሳዩ የሼርቡር ወደብ በኩል አድርጋ ኒው ዮርክ የገባችው ሰኔ 1 ቀን ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሳምንት ሌላም ነገር ያስታውሳል። ኩዊን ሜሪ ኒው ዮርክ በደረሰች በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 3፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦርፎርድ መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት የገቡት በዚያው በሳውዝሃምፕተን ወደብ ነበር።

የውስጥ አሠራሯ የዘመኑን ዲዛይን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የመጡ ከ50 በላይ የእንጨት ዓይነቶች ግድግዳዎቿን አልብሰዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው በዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለው የሰሜን አትላንቲክ ካርታ ነው፤ ከክሪስታል የተሠራች ትንሽ የመርከብ ምስል በካርታው ላይ እየተንቀሳቀሰች መርከቧ የደረሰችበትን ቦታ ታመለክት ስለነበር፣ መንገደኛው ምሳውን እየበላ ምን ያህል መንገድ እንደቀረው ያይ ነበር።

አትላንቲክን በፈጣን ጉዞ ለሚያቋርጥ መርከብ የሚሰጠውን «ሰማያዊ ጥብጣብ» የሚባል ክብር በነሐሴ 1936 ከፈረንሳዩ መርከብ ከኖርማንዲ ተቀበለች፤ በ1937 ኖርማንዲ መልሳ ወሰደችው፤ በ1938 ኩዊን ሜሪ ወደ ምሥራቅ ስትጓዝ በአማካይ 31.69 ኖት፣ በ3 ቀን ከ20 ሰዓት ከ42 ደቂቃ አቋርጣ እንደገና ቀማቻት። በ1952 ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ እስክትበልጣት ድረስ ክብሩ ከእሷ ጋር ቆየ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር መርከቧ ወደ ኒው ዮርክ በመጓዝ ላይ ነበረች። በ1940 ሙሉ በሙሉ ግራጫ ተቀባች፤ በሲድኒም ወታደር ማጓጓዣ ሆነች። ለሳምንታዊው የመንገደኞች ጉዞ የተሰጣት ፍጥነት አሁን ሕይወት አዳኝ ሆነ፦ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ስለማይደርሱባት አብዛኛውን መንገድ ያለ አጃቢ፣ አቅጣጫዋን በየጊዜው እየቀያየረች ትጓዝ ነበር። «ግራጫዋ መንፈስ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልም «ኮሎኔል ዋርደን» በሚል የይስሙላ ስም ተመዝግበው ሦስት ጊዜ ወደ ምዕራብ ተሻግረውባታል። በሐምሌ 1943 ከኒው ዮርክ ወደ ስኮትላንድ ባደረገችው አንድ ጉዞ 16,683 ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ ይህ በአንድ መርከብ ላይ በአንድ ጊዜ የተጫነ ከፍተኛው የሰው ቁጥር ሆኖ ተመዝግቧል። ወታደሮቹ በአንድ አልጋ ላይ በተራ በተራ ይተኙ ነበር።

ከዚህ ቁጥር ጎን መነሳት ያለበት፣ በጥያቄና መልስ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል አሳዛኝ ታሪክ አለ። ጥቅምት 2 ቀን 1942 መርከቧ በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮችን ጭና ከአየርላንድ በስተሰሜን ስትጓዝ፣ ሊያጅባት ከተመደበው የብሪታንያ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ ከኩራሶዋ ጋር ተጋጨች። ኩዊን ሜሪ አቅጣጫ እየቀያየረች፣ አጃቢዋ ግን ቀጥ ብላ ትጓዝ ነበር፤ ሁለቱም ሌላኛው መንገድ ይለቃል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ግዙፏ መርከብ ኩራሶዋን ለሁለት ሰነጠቀቻት። ለሰርጓጅ መርከብ ላለመጋለጥ በየትኛውም ምክንያት እንዳትቆም ትእዛዝ ስለነበረባት፣ ውኃ ውስጥ የወደቁትን ሳታነሳ አፍንጫዋ እንደተጎዳ ጉዞዋን ቀጠለች። ከ330 በላይ መርከበኞች ሞቱ፤ የተረፉት 100 ያህል ብቻ ናቸው። ነገሩ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ለሕዝብ አልተነገረም። ክሱ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ሰጪ እስከነበረው እስከ ብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ1949 ሁለት ሦስተኛው ጥፋት በባሕር ኃይሉ፣ አንድ ሦስተኛው በመርከቡ ኩባንያ ላይ ተወሰነ። ስለ መርከቧ ክብር የሚያወራ ማንም ሰው ይህን ቀን መዝለል የለበትም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ የአሜሪካና የካናዳ ወታደሮችን ያገቡ የአውሮፓ ሴቶችን ከነልጆቻቸው ወደ ባሎቻቸው አገር አጓጓዘች፤ በሐምሌ 1947 ወደ መደበኛ አገልግሎቷ ተመለሰች። ከ1958 ጀምሮ ጄት አውሮፕላን ውቅያኖሱን በሰዓታት ማቋረጥ ሲጀምር የመንገደኞቿ ቁጥር እየመነመነ ሄደ። ሎንግ ቢች ከተማ በ3.45 ሚሊዮን ዶላር ገዛቻት፤ ጥቅምት 31 ቀን 1967 ከሳውዝሃምፕተን ተነሥታ ታኅሣሥ 9 ደረሰች። የጎኗ ስፋት 36 ሜትር ስለሆነ በፓናማ ቦይ ማለፍ አልቻለችም፤ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞራ መምጣት ነበረባት።

በሎንግ ቢች የጠበቃት ዕጣ ድብልቅ ነው። ቦይለሮቿ ወጥተው ባዶ ቦታው ለሌላ አገልግሎት ተዘጋጀ፤ ጭስ ማውጫዎቿ በዝገት በመበላታቸው በአሉሚኒየም ቅጂዎች ተተኩ። ማሽኖቿ ሳይሞቱ እንድትቀመጥ ለሚመኙ ወዳጆቿ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ እኔም የምስማማው ከእነሱ ጋር ነው። በሌላ በኩል፣ ብዙዎቹ የዘመን እኩዮቿ ለብረት ተቆራርጠው ሲሸጡ እሷ በ1971 ለጎብኚዎች፣ በ1972 ደግሞ በሆቴልነት ተከፈተች፤ በ1993 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባች። በኮቪድ ምክንያት በ2020 ተዘግታ፣ አስተዳደሯ ወደ ከተማዋ ተመልሶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ ሆቴሉ በ2023 እንደገና እንግዳ መቀበል ጀመረ።

ጎብኚ ዛሬ ወደ ውስጥ ሲገባ የኋለኛውን የማሽን ክፍል ከነተርባይኖቹ ማየት ይችላል፤ ከአራቱ ፕሮፔለሮች አንዱም በቦታው እንዳለ፣ ዙሪያውን በብረት ሣጥን ታጥሮ፣ ከላይ በውኃው ውስጥ ይታያል። ጡሩምባዋም አልጠፋም። ድምፁ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል፤ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራው መንገደኞቹን እንዳይረብሽ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጡሩምባዎች አንዱ በውሰት ኩዊን ሜሪ 2 በተባለችው አዲስ መርከብ ላይ የተገጠመ ሲሆን፣ ይህች መርከብ በየካቲት 2006 ወደ ሎንግ ቢች ስትመጣ ሁለቱ መርከቦች በጡሩምባ ሰላምታ ተለዋውጠዋል።