ከጣና ዳር ፓርቲ ማቋቋም፦ ሰላማዊ ተቃውሞ በባሕር ዳር

በባሕር ዳር ተቃዋሚ ፓርቲ ማቋቋም ከሁሉ በፊት ስም መሰብሰብ ነው። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ። ሕጉ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ሰው የሚፈራውም ይህንኑ ነው። በጎጃምና በጎንደር ገዢ የበደለው ሰው ከአያቶቹ የወረሰው መንገድ ሌላ ነበር፦ «ዱር ቤቴ» ብሎ መሸፈት። የሸፈተ ሰው ስሙን መዝገብ ላይ አያሰፍርም፤ ቢሰፍርም የሚያሰፍርለት የሚፈልገው መንግሥት ነው። ፓርቲ መሥራች ግን ሊወዳደረው ወደሚሻው መንግሥት ራሱ ሄዶ «እኛ እገሌና እገሌ ነን፣ እዚህ ነው የምንኖር» ብሎ ዝርዝሩን ያስረክባል። በሐይቁ ዙሪያ የሰላማዊ ፖለቲካ ታሪክ ባብዛኛው የዚህ ዝርዝር ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ለማን ክብር እንደምትሰጥ ስሞቿን ማየት ይበቃል። ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል የነበረው አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ የሚጠራው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው፤ ጣሊያንን በጎጃም በረሃ የተዋጋው፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ በራሱ ንጉሥ መንግሥት በ1937 የተሰቀለው አርበኛ። ፓርቲ በማቋቋሙ የታሰረ ሰው ስም በባሕር ዳር አደባባይ መፈለግ ብዙ ያደክማል። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት (መዐሕድ) መሪ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ ስማቸው ሲጠራ፣ የሚታወሱት በሐኪምነታቸውም ጭምር ነው።

ፓርቲ ያልነበረበት ዘመን

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ፓርቲ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። እጩ የሚቆመው በግሉ ነው፤ በስሙ፣ በርስቱና በዘመዱ። የዚህ ጉድለት ዋጋ በ1960 በጎጃም ታየ። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው መጀመሪያ ያደረገው አቤት ማለት ነበር፤ ሽማግሌ ላከ፣ አቤቱታ ጻፈ። ሰሚ ሲያጣ ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ ጦር ዘመተበት፣ ከአየርም ተደበደበ። ኋላ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። ገበሬው ያሻውን አገኘ፤ ያገኘው ግን በጠመንጃ ነው። ያ ትምህርት በገጠሩ እስከ ዛሬ አልተረሳም፤ የሰላማዊ ፓርቲ አባል መልማይም መንደር በገባ ቁጥር የሚጋጠመው ከዚሁ ትዝታ ጋር ነው።

ደርግ በበኩሉ ፓርቲ አላጣም፤ አንድ ብቻ ነበረው እንጂ። በመስከረም 1977 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት ሌላ ፓርቲ ማሰብ ወንጀል ነበር። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የቆየ አባባል በቀይ ቀለም ተጻፈ ማለት ይቻላል።

ከ1983 በኋላ

የሽግግሩ ዘመን መደራጀትን በሕግ ፈቀደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 መሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍን፣ አንቀጽ 31 መደራጀትን አጸደቀ። ግን ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ ስትሆን የገዢው ግንባር፣ የኢሕአዴግ፣ አባል ድርጅት መቀመጫም ሆነች፦ በ1973 ኢሕዴን (የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) ተብሎ የተመሠረተው፣ በ1986 ብአዴን (ብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) የተባለው። ከከተማ አስተዳደር እስከ ቀበሌ ያለው መዋቅር፣ የሥራ ቅጥሩ፣ የመሬት ምሪቱ፣ የስብሰባ አዳራሹ ሁሉ ከዚህ ድርጅት እጅ አይወጣም ነበር። ኋላ ላይ አምስት ሰው በአንድ የሚያደራጀው «አንድ ለአምስት» ሲመጣ ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቅበት መንገድ ሁሉ የፓርቲ መንገድ ሆነ።

መዐሕድ በ1984 ተቋቋመ። መሪው ፕሮፌሰር አሥራት የጥቁር አንበሳ ቀዶ ሐኪምና የሕክምና ፋኩልቲው መሥራች ከነበሩት አንዱ ነበሩ፤ በ1986 ታሰሩ፣ ታመው በ1991 ተፈቱ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት በአሜሪካ አረፉ። በ1997 ምርጫ ቅንጅት አራት ፓርቲዎችን ይዞ ሲወጣ በአማራ ክልልም ብዙ ወንበር አሸነፈ፤ በአገር ደረጃ በይፋ የተቆጠረለት 109 ነው። መሪዎቹ ታሰሩ፣ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ፣ ከዚያም ተበታተኑ። ከፍርስራሹ በ2000 አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ፣ በ2004 ሰማያዊ ፓርቲ ወጡ። በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ የቀረው አንድ ነው፤ በ2007 ያም አልቀረም።

ሕጉ የሚጠይቀው

በ2000 የወጣው አዋጅ 573 ለአገር አቀፍ ፓርቲ 1,500፣ ለክልላዊ ፓርቲ 750 መሥራች አባላት ይበቃሉ ይል ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1162 ቁጥሩን ወደ 10,000 እና 4,000 አሳደገው። ለምን እንደተባለ መረዳት አይከብድም፤ በወቅቱ የተመዘገበውም ያልተመዘገበውም ተደምሮ ከመቶ የሚበልጥ ፓርቲ ነበር፤ አንዳንዱ ማኅተምና ሊቀመንበር ብቻ። ሆኖም ቁጥሩ በገዢውና በአዲሱ ላይ እኩል አይከብድም። ለገዢው ፓርቲ 4,000 ፊርማ የአንድ ወረዳ የከሰዓት ሥራ ነው።

ክልላዊ ፓርቲ ከሆነ ከመሥራቾቹ ከ60 በመቶ በላይ የክልሉ ነዋሪ መሆን አለባቸው፤ በሌላ አነጋገር ከ2,400 በላይ ሰው እዚሁ አድራሻ ያለው። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ፕሮግራምና መተዳደሪያ ደንብ ይጸድቃል፣ መሪዎች በምስጢር ድምፅ ይመረጣሉ፣ ሒሳብ ይመረመራል። የውጭ አገር ገንዘብ ክልክል ነው። ዳኛ፣ ወታደርና ፖሊስ አባል አይሆኑም። ሰነዱ ሁሉ ተጠርዞ የሚገባው አዲስ አበባ፣ ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። የሚገርመው፣ ከኅዳር 2011 እስከ 2015 ቦርዱን የመሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ራሳቸው የቅንጅትና የአንድነት መሪ ሆነው ሁለት ጊዜ የታሰሩ ናቸው፤ የፊርማ ዝርዝር ምን እንደሚከብድ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የቦርድ ሰብሳቢ አልነበረም።

ስም መሰብሰብ በተግባር

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የምትመች ከተማ ናት። የጎጃምና የጎንደር መንገድ ዓባይ ድልድይ ላይ ይገናኛል፤ ከመናኸሪያ የተነሣ ሰው በአንድ ቀን መርዓዊና ዳንግላ፣ ወይም ወረታና ደብረ ታቦር ደርሶ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲውም አለ፤ የፖሊቴክኒክና የመምህራን ኮሌጁ ውሕደት የወለደው፣ ከየወረዳው ልጅ የሚሰበስብ። ስለዚህ የመሥራቾች ኮሚቴ ሲዋቀር ብዙ ጊዜ መምህር፣ ጠበቃና ተማሪ ይበዛበታል። ነጋዴው ገንዘብ ያዋጣል፣ ስሙን ግን አያዋጣም፤ የንግድ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳልና። የመንግሥት ሠራተኛው «ልቤ ከእናንተ ነው» ይላል። ልብ አይፈርምም።

ሴቶች በጉባኤ ላይ ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ ሕጉ መንግሥት ለፓርቲዎች የሚሰጠውን ድጋፍ ሲያከፋፍል የሴቶችን ተሳትፎ እንዲቆጥር ማድረጉ ብዙም አልለወጠውም።

ዕድር፣ ማኅበርና ሰንበቴ በከተማዋ በየሰፈሩ አሉ፤ አዲስ መሥራቾች መጀመሪያ የሚያዩት ወደነዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ዕድር የሚጸናው ካድሬውንም ተቃዋሚውንም እኩል ስለሚቀብር ነው፤ ዳኛው ፖለቲካ በድንኳኑ እንዲገባ አይፈቅድም፤ እኔም ልክ ነው እላለሁ። ፓርቲ ከዕድር ሊማር የሚችለው አባል ሳይሆን ደንብ ነው፦ ወርሃዊ መዋጮ በሰዓቱ መሰብሰብ፣ የቀረውን መቅጣት፣ ሒሳቡን በአደባባይ ማንበብ። ይህን የለመደ ሕዝብ ሒሳቡን የማይናገር ፓርቲ አያምንም።

ቢሮ መከራየት ሌላው ፈተና ነው። አከራዩ ሰሌዳ እንዳይሰቀል ይለምናል፤ ሰሌዳው ከተሰቀለ ከሳምንት በኋላ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ይላል። አዳራሽ ደግሞ በስልክ ሲጠየቅ ክፍት ነው፣ የፓርቲው ስም ሲነገር ለሥልጠና ተይዟል፣ ገንዘብ ከተከፈለ መብራት ይጠፋል። ይህ ጨዋታ ለባሕር ዳር ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በየክልሉ ያሉ ተቃዋሚዎች ሁሉ ያውቁታል።

ሰልፍ

ሰላማዊ ሰልፍን የሚመለከተው አዋጅ የ1983ቱ ቁጥር 3 ነው። ፈቃድ አይልም፤ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው የሚለው። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይገልጻል። በተግባር ግን «ማሳወቅ» የሚለው ቃል «ማስፈቀድ» ሆኖ ይነበባል። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል በ100 ሜትር ክልል መሰለፍም ክልክል ነው፤ ገበያ ቀን ገበያ ውስጥ እንዲሁ። የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን እምብርቷ ላይ የያዘች ከተማ ውስጥ ይህን ሁሉ ጠብቆ መስመር መሳል ራሱን የቻለ ጥበብ ይጠይቃል።

ሁለት ሰልፎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በየካቲት 2006 አንድ የክልሉ ከፍተኛ ባለሥልጣን ሕዝቡን ሰድቧል የተባለበት የድምፅ ቅጂ ሲሰማ፣ አንድነትና የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት (መኢአድ) በጋራ ባሕር ዳር ላይ ሰልፍ ጠሩ። ደብዳቤ ጻፉ፣ አስተባባሪ መደቡ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ፣ ተናገረ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በጥር 2007 ግን ምርጫ ቦርድ በሁለቱ ፓርቲዎች የውስጥ ክፍፍል ላይ ገብቶ ስማቸውንና ማኅተማቸውን ለሌላኛው ወገን ሰጠ። ያን ያህል ሰው ያወጡት አመራሮች በአንድ ውሳኔ ፓርቲ አልባ ሆኑ።

ሁለተኛው የነሐሴ 1 ቀን 2008ቱ ነው። ሐምሌ 24 ጎንደር ላይ ትልቁ ሰልፍ ከወጣ በኋላ ባሕር ዳርም ተነሣች። ጥሪው በፌስቡክና በቃል የተላለፈ ነበር፤ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ከፖሊስ ጋር መስመር የሚነጋገር፣ «እዚህ ላይ እንመለስ» የሚል የታወቀ አካል አልነበረውም። በዚያ እሑድ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ገልጿል። የተኮሰው ተጠያቂ ነው፤ ፓርቲ ቢኖር ኖሮ ጥይቱ ይቀር ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን አንድነትና መኢአድ አመራራቸውን ካጡ በኋላ መንግሥት ሊደራደር ቢፈልግ እንኳ ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረውም።

በባሕር ዳር የተወለደ ፓርቲ

የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ አብን፣ እዚሁ ከተማ የተመሠረተ ነው። ዝርዝሩ የጀመረው ግን ከእስር ነው ማለት ይቻላል። በመጋቢት 2010፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በነበረበት ወቅት፣ ባሕር ዳር ላይ ተሰብስበው የነበሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ወጣት ፖለቲከኞች ያለ ፈቃድ ተሰበሰባችሁ ተብለው ታሰሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተለቀቁ። በሰኔ 2010 መጀመሪያ የመሥራች ጉባኤው ተካሄደና ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ ሊቀመንበር ሆኑ። በመጋቢትና በሰኔ መካከል የተለወጠው ሕጉ አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። ይህ የኢትዮጵያ ፓርቲዎች መከራ ነው፦ በሩ የሚከፈተው በመብት ሳይሆን በወቅት ነው።

ዓመት እንደሞላው፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 የክልሉ ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እዚሁ ከተማ ተገደሉ። በተከተለው አፈሳ አብን በርካታ አባላቱ እንደታሰሩበት አስታወቀ፤ ለማፈስ የሚፈለግ ሰው አድራሻ በፓርቲው ቅጽ ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ያም ሆኖ ፓርቲው ተረፈ። በሰኔ 2013 ምርጫ 5 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አገኘ። ከዚያም የፓርቲው ሊቀመንበር ዶክተር በለጠ ሞላ የፌዴራል ሚኒስትርነት ሹመት ተቀበሉ። ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ከውስጥ ሆኖ መሥራት ነው አለ፣ ገሚሱ ተሸጥን አለ።

በ2015 ክረምት በፋኖና በመከላከያ መካከል ጦርነት ሲነሣ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ስብሰባና ሰልፍ ታገዱ። በአብን ስም ተመርጠው ምክር ቤት የገቡት ክርስቲያን ታደለ አባልነታቸው ሳያበቃ በዚያው ክረምት ታሰሩ። ከመናኸሪያው ወደ መርዓዊና ወደ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ በየጊዜው ይዘጋ ጀመር። የአዋጅ 1162 ቅጽ በዚያ ሁሉ መካከል እንዳለ ነው፦ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ፣ 4,000 ጊዜ።